ባለቤት ያጣ ዓመት፦ ጀማሪው መምህር ከየኔታ ደጅ እስከ እንዳ ኢየሱስ

ከመቀሌ በስተምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚታየውን የእንዳ ኢየሱስን ኮረብታ የታሪክ አንባቢ የሚያውቀው በጣሊያን ምሽግ ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. ሜጀር ጋሊያኖ ከነወታደሮቹ መሽጎበት የነበረው፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞበት በውኃ ጥም እጁን የሰጠው እዚህ ነው። ዛሬ ግን ስሙ ሲነሣ ለአብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። የከተማው ሰው ግቢውን «አሪድ» እያለ ይጠራዋል፤ ከአስመራ ተነሥቶ በአጋርፋና በዓለማያ ዞሮ በ1980ዎቹ አጋማሽ መቀሌ የገባው የደረቅ አካባቢ ግብርና ኮሌጅ ያወረሰው ስም ነው። ኮሌጁ እዚህ ሥራ ሲጀምር የነበሩት ተማሪዎች 42 ብቻ ነበሩ። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ከቢዝነስ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በትግራይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጠመኔ ከሚይዙት መካከል ብዙዎቹ የሚቀረጹት እዚያ ነው።

ከዚህ ግቢ ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ተምሮ የሚወጣ ወጣት መምህር ለመሆን ሲወስን የሚጠብቀውን መንገድ እንከተል። ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ለአንድ ዓመት የማስተማር ሥነ ዘዴ ይማራል፤ በመካከሉ ለጥቂት ሳምንታት ትምህርት ቤት ሄዶ ይለማመዳል። ከዚያ ይመደባል። የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ነባሮቹ መምህራን አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን ይዘዋልና። በትግራይ ተማሪው እስከ ስምንተኛ ክፍል በትግርኛ ተምሮ እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ የሚጀምረው ደግሞ ዘጠነኛ ላይ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አስተምሮ የማያውቅ መምህር በእንግሊዝኛ ተምሮ ከማያውቅ ተማሪ ፊት ይቆማል። የሁለቱም የመጀመሪያ ዓመት ነው። ይህን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ዕድሜ የተከተለ የክፍል ድልድል ያመጣው ነገር ነው። ሆኖም በአገራችን የመምህራን ሥልጠና ታሪክ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲንከባለል የመጣ ችግር ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ ሥልጠናው አልቆ ሥራው ሲጀመር፣ በዚያ በመካከሉ ዓመት ጀማሪውን የኔ ነው የሚለው ማን ነው?

ጥያቄው ያልነበረበት ዘመን ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት «የመጀመሪያ ዓመት» የሚባል ነገር የለም፤ ማስተማር የሚጀመረው መምህር ከመባል አስቀድሞ ነው። ፊደል ለይቶ አቡጊዳ የገባ ልጅ ሀሁ ለሚቆጥረው ታናሹ ያስጠናል። ዳዊት የደገመው መልእክተ ዮሐንስ ላይ ያለውን ያስነብባል። በዜማ ቤትም በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የኔታ የሚያቀኑት የገፉትን ተማሪዎች ነው፣ የገፉት ደግሞ ሌሊት በቀጸላ ጀማሪዎቹን ያስቀጽላሉ። የተሳሳተው ማስቀጸል በማግሥቱ የኔታ ጆሮ ይደርሳል፤ ስሕተቱ የሚታረመው ተማሪውም አስተማሪውም ባሉበት ነው። ከዓመታት በኋላ ድጓ ያደላደለው ቤተልሔም ወርዶ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የያዘው ዙር አባ ሄዶ ምስክር ሲሆን የሚቀበለው ማረጋገጫ እንጂ የመጀመሪያውን ክፍል አይደለም። ክፍሉንማ አሥር ዓመት አስተምሮበታል። ከትግራይ ተነሥቶ ጋይንትና ጎጃም ድረስ በእግሩ የተጓዘው የቆሎ ተማሪ ሲመለስ ወንበር የሚዘረጋው በአንድ ቀን ማዕረግ ብቻ ሳይሆን በብዙ ሌሊት ልምምድ ነው።

ይህን ስል ያለፈውን ለማሽሞንሞን አይደለም። ልምጩ ነበር፣ ትርጉሙን ሳያውቁ መሸምደድ ነበር፣ ሴት ልጅ ከጥቂቶች በቀር ከደጁ ውጭ ነበረች፤ አንድ ሊቅ ለማውጣት የሚፈጀውን ዘመን ደግሞ አገር በትምህርት ላድርስ የሚል መንግሥት ሊሸከመው አይችልም። ነገር ግን ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ልምጩንና ሽምደዳውን ይዞ ቀጸላውን ነው የጣለው። የተገላቢጦሽ ቢሆን በወደድኩ።

አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በውጭ አገር መምህራን ነው የጀመረው። የራስን መምህር ማሠልጠን የሚል ሐሳብ መልክ የያዘው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው፤ ወረራው ከተማሩት ጥቂቶች ብዙዎቹን ጨርሷቸው ስለነበር ምርጫም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1944 በብሪቲሽ ካውንስል እገዛ በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የመምህራን ሥልጠና ተጀመረ። ቀጥሎ የሐረርና የደብረ ብርሃን ማሠልጠኛዎች መጡ። ደብረ ብርሃን ትኩረቱ የገጠር ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ላይ ነበርና ዕጩው መምህር ከፊደልና ከሒሳብ ጋር እርሻንና ንጽሕናን ያስተምር ዘንድ ይዘጋጅ ነበር። የተመደበበት መንደር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ መምህር ብቻ ያለው ነው። ጎን የሚቆም ባልደረባ ስለሌለ የሚያየውም የሚያርመውም አልነበረም።

የመጀመሪያው ዓመት ነገር ጎልቶ የወጣው ግን በ1950ዎቹ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ ተማሪዎቹ ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው እንዲያገለግሉ ደነገገ። «ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» ይባል የነበረው ነው። የሕግም፣ የኢኮኖሚክስም፣ የሥነ ጽሑፍም ተማሪ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብዛኛው አስተማሪ ሆነ። ከእነርሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 መስከረም፣ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ደርሰው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበትነው ነበር፤ እነርሱም ቢሆኑ አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ነበሩ። የዚያ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንግዲህ ከጀማሪ ወደ ጀማሪ ሲተላለፍ ነው የተማረው።

በዚያ ዘመን የተማሩ አዛውንቶችን ብትጠይቁ ግን ሰርቪስ ይዞ የመጣውን ወጣት በፍቅር ነው የሚያነሡት። መጽሐፍ ያውሳል፣ ክርክር ያስነሣል፣ ዓለምን ያሳያል። አገልጋዩም በተራው ባላገሩን አይቶ ተመለሰ፤ «መሬት ላራሹ» የሚለው ጩኸት በስድስት ኪሎ እንዲበረታ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ የአንድ ዓመት ቆይታ እንደሆነ ብዙ የዘመኑ ሰዎች ይመሰክራሉ። የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ የታሪክ ጸሐፊዎችን ቀልብ የሳበው በዚህ ፖለቲካዊ ገጹ ነው። የሙያ ገጹን ያየ ግን ጥቂት ነው፤ የሚገርመኝ ይኸው ነው። ወጣቶቹ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ቆይተው፣ ከልምዳቸው ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሰው፣ ያዩትን ከትምህርታቸው ጋር እያስተያዩ የመጨረሻ ዓመታቸውን የሚጨርሱበት ሥርዓት ነበር። ሠርቶ መመለስ፣ ተመልሶ ማሰላሰል፦ ይህን አገራችን በሰፊው የሞከረችው ያን ጊዜ ነው፤ የሞከረችውም ሌላ ነገር አስባ ነው። አብዛኞቹ ከሰርቪስ በኋላ መምህር አልሆኑምና ልምዱ ለሙያው ሳይተርፍ ቀረ።

በዚያው ዘመን ማብቂያ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ ተቋቋመ። በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሦስትዮሽ ስምምነት የተመሠረተ ነበር፤ ዓላማውም የማሠልጠኛ ተቋማቱን አሠልጣኞችና የትምህርት አመራሩን ማፍራት ነበር። የመምህሩን መምህር ማን ያዘጋጀዋል የሚለው ጥያቄ በአንድ ተቋም ደረጃ የታሰበበት ያን ጊዜ ነው። ግን ወዲያው አብዮቱ ደረሰ፤ ከአብዮቱ ቀስቃሾች አንዱ ደግሞ የየካቲት 1966ቱ የመምህራን አድማ ነበር።

ደርግ የፈለገው ቁጥር ነው። በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውንና መምህሩን ወደ ገጠር ሲያዘምት፣ በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ማንኛውም ያነበበ ሰው ላላነበበው እንዲያስተምር አደረገ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ከዩኔስኮ ሽልማት ያስገኘ ነው፤ ያኮራል። መደበኛው ትምህርት ቤት ግን ዋጋውን ከፈለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት በአንድ ዓመት ሥልጠና፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ፣ ዕጣ አውጥቶ ወደማያውቀው አውራጃ ይሄድ ነበር። ክፍሉ በፈረቃ የሚሞላ፣ የተማሪው ቁጥር ስም ጥሪውን ራሱን ግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚያስፈጅ ነው። በትግራይ ላይ ጦርነቱና ድርቁ ተጨመሩበት። ያን ዘመን በዚህ ባልፈው ይሻላል፤ ከዓመት ዓመት ራሱን የደገመ ነገር ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በትግራይ አንደኛ ደረጃን በትግርኛ አደረገው። ይህ ለጀማሪው መምህር ትልቅ እፎይታ እንደነበር አይካድም፤ ቢያንስ ከልጆቹ ጋር በሚያልምበት ቋንቋ ይነጋገራል። ለዚህ ደረጃ የሚሆኑ መምህራንን የአድዋና የዓብይ ዓዲ ኮሌጆች ያወጡ ጀመር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ቴሶ» የተባለው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ መጣ። የዲግሪው ዘመን ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ፤ በምትኩ ፕራክቲከም የሚባለው የትምህርት ቤት ልምምድ በየዓመቱ ተዘረጋ። መጀመሪያ ተመልካች፣ ቀጥሎ ረዳት፣ በመጨረሻ ለብቻ አስተማሪ። ወረቀቱ ላይ የየኔታ ደጅ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። የኮሌጅ አሠልጣኞችም ራሳቸው ከፍተኛ ዲፕሎማ በሚባለው የአንድ ዓመት ፕሮግራም እንዲያልፉ ተደረገ።

እንዴት እንደሠራ የሚያውቁት ያለፉበት ናቸው። ተቀባዩ ትምህርት ቤት ዕጩዎቹ በአንድ ሳምንት በደርዘን ሲመጡበት የመጀመሪያ ጉዳዩ የት እንደሚያስቀምጣቸው ማሰብ ነው። ዋናው የክፍሉ መምህር ጠመኔውን ለዕጩው አቀብሎ ወደ መምህራን ማረፊያ ይሄዳል፤ ይህን እንደ ስንፍና አልቆጥረውም፣ በሳምንት ሠላሳ ክፍለ ጊዜ የያዘ ሰው እስትንፋስ ሲያገኝ ያርፋል። ከኮሌጅ የሚመጣው ተቆጣጣሪ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅጽ ሞልቶ ይመለሳል። ያቺን ቀን ሁሉም ያውቃታል፦ ተማሪው ጸጥ ይላል፣ የትምህርት ዕቅዱ በቀለም ይጻፋል፣ የቡድን ሥራ ይሠራል። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ያ ሳያንስ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ። ከሳተላይት የሚወርደው ትምህርት ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ወሰደ፤ ለክፍሉ መምህር የቀረው መግቢያና መደምደሚያ ነው። ፕላዝማ በቂ መምህር በሌለበት የትምህርቱን ጥራት በአንድ ለማድረግ የታሰበ ነበር፤ ለተማሪው ጠቅሟል አልጠቀመም የሚለው ክርክር አሁንም አላለቀም። ለጀማሪው መምህር ግን ጉዳቱ ግልጽ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ማስተማር የሚለመደው ሐሳቡ ያልገባውን ልጅ ፊት አይቶ፣ መንገድ ቀይሮ፣ እንደገና በማስረዳት ነው። ስክሪኑ አይቆምም። ሥራውን በፕላዝማ ዘመን የጀመረው መምህር በመጀመሪያ ዓመቱ መማር የነበረበትን ነገር ስክሪኑ ቀማው።

ቴሶም ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ይዞ በኋላ የማስተማር ዲፕሎማ እንዲጨምር ተወሰነ። መጀመሪያ ላይ ያነሣነው የእንዳ ኢየሱስ ወጣት የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። ብዙዎች ዲፕሎማውን በክረምት እየተመላለሱ ይማሩታል፤ ማለትም አስተምረው አስተምረው እንዴት እንደሚስተማር ለመማር ይመጣሉ። ከላይ ሲታይ የተዘበራረቀ ይመስላል። እኔ ግን የክረምቱን መንገድ ከመደበኛው አብልጬ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ነው። ክፍል አለው፣ የማይታዘዝለት ተማሪ አለው፣ ያልገባው ውጤት አለው። የቸገረው ነገር ቢኖር አሠልጣኙ ያንን ጥያቄ መጠየቁን መርሳቱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጣጣ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ሲሞን ፌንማን እ.ኤ.አ. በ1984 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 83 ጥናቶችን አገናዝቦ ጀማሪ መምህራን በብዛት የሚቸገሩት በምን እንደሆነ አወጣ። አንደኛው የክፍል ሥነ ሥርዓት ማስከበር ነው፣ ሁለተኛው ተማሪን ማነሣሣት፣ ሦስተኛው የየልጁን ልዩነት ማስተናገድ። የትምህርቱን ይዘት አለማወቅ ከፊት አልተሰለፈም፤ ኮሌጆቻችን አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያውሉት ግን በዚያው ላይ ነው። አሜሪካዊው ዳን ሎርቲ ደግሞ ከእርሱ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ መምህር ከማንም ሙያተኛ የሚለይበትን ነገር ጠቁሞ ነበር፦ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ሙያውን በሺህ ለሚቆጠር ሰዓት ከተማሪ ወንበር ላይ ሆኖ ተመልክቷል። ስለዚህ ሲጨንቀው የሚያደርገው ኮሌጅ የነገሩትን ሳይሆን የድሮ መምህሩ ያደርግ የነበረውን ነው። «ተማሪ ተኮር» የሚለውን ዘዴ ለሦስት ዓመት ሲያጠና የነበረ ወጣት በኅዳር ወር ላይ ማስታወሻ እያስገለበጠ ብታገኙት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ መምህር የመጀመሪያውን ዓመት በሕግ በተደነገገ ሥልጠና እንዲያሳልፍ አድርጋለች፤ መሪ መምህር ይመደብለታል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለተመራቂ መምህር የአንድ ዓመት ቦታ ዋስትና ትሰጣለች፤ ከሌላው መምህር ያነሰ ክፍለ ጊዜ ይይዛል፣ የተረፈው ሰዓት ለመማር ነው። የኛም አገር ወረቀት ከእነዚህ አያንስም። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ መሠረት ጀማሪ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ይሰጠዋል፤ አማካሪ መምህር ይመደብለታል፣ ሰነዱን በማኅደር ያደራጃል፣ አልፎ ከጀማሪነት ወደ መለስተኛ መምህርነት ያድጋል። የጎደለው ሰዓት ነው። ለአማካሪው ከተሸከመው ክፍለ ጊዜ አንድም አልተቀነሰለትም፤ ለጀማሪውም አልተቀነሰለትም፣ ይልቁንም የክፍል ኃላፊነትና የሮስተር ሥራ ይጨመርለታል። ሁለቱ የሚገናኙት በዕረፍት ሰዓት ሻይ ላይ ነው። ማኅደሩ ግን ሙሉ ነው፤ ለሱፐርቫይዘር የሚታየው ማኅደሩ ነው።

ከዚያ መጋቢት 2012 መጣ፤ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ተዘጉ። በትግራይ ገና ሳይከፈቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጀመረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም፣ ከዚያም እስከ ሚያዝያ 2015 አካባቢ ድረስ፣ አብዛኛው ተማሪ ሦስት የትምህርት ዘመን አለፈው። ክፍሎች ተቃጠሉ፣ ተዘረፉ፤ በመቀሌ የተረፉት የተፈናቃይ ቤተሰቦች መጠለያ ሆኑ። መምህራን ወራት ያለ ደመወዝ ቆዩ፤ የሞቱ አሉ፣ የተሰደዱ አሉ፣ ሌላ ሥራ ይዘው የቀሩ አሉ። በሌሎች ክልሎች ደግሞ በዚሁ ጊዜ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ገብቶ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አምስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው የ11 ዓመት ልጅ የ14 ዓመት ልጃገረድ ሆና ነው የተመለሰችው። ከአጠገቧ ያለው ልጅ ታላቅ ወንድሙን ያጣ ሊሆን ይችላል፤ የበር መንኳኳት ያስደነግጠዋል። እንዲህ ያለ ክፍል ይዞ የማያውቀው ጀማሪው ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት ያስተማረውም አያውቀውም፤ እርሱም ያዘነ ነው፣ እርሱም ተርቧል። የጀማሪውና የነባሩ ልዩነት በአንድ ጊዜ ጠበበ፤ የትግራይ መምህራን በሙሉ እንደገና የመጀመሪያ ዓመታቸው ላይ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ አማካሪው ማንን ያማክር? እስካሁን ያለው የሙያ ትውውቅ ሰነድ የተጻፈው ነባሩ መንገዱን እንደሚያውቅ ታስቦ ነው።

የሚቀረውን ሐሳብ ለእንዳ ኢየሱስና ለትግራይ ትምህርት ቢሮ አንድ ላይ ነው የማነሣው፤ ለብቻ ለብቻ ሲነሣ አንዱ ወደ ሌላው ይገፋዋልና። ዩኒቨርሲቲው ያወጣውን መምህር እስከ ቀጣዩ ክረምት ድረስ የራሱ ተማሪ አድርጎ ቢቆጥረው፣ ቢሮውም በመጀመሪያው ዓመት የጀማሪውንም የአማካሪውንም ክፍለ ጊዜ በሁለትና በሦስት ቢቀንስ፣ ጀማሪውንም ቋንቋ ከሚቀየርበት ከዘጠነኛ ክፍል አርቆ አሥረኛ ላይ ቢያስጀምረው፣ አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም። መምህር በጠፋበት ጊዜ ክፍለ ጊዜ መቀነስ ቅንጦት ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ከተቀጠሩት መካከል በሁለተኛው ዓመት ሙያውን ለቀው የሚሄዱት ሲቆጠሩ ሒሳቡ ይገለበጣል።

አማካሪ ከየት ይምጣ ለሚለው ደግሞ መቀሌ መልስ አላት። በ1970ዎቹ ከማሠልጠኛ ተቋማት ወጥተው በፈረቃ፣ በድርቅና በጦርነት ውስጥ ክፍል ይዘው ያስተማሩ መምህራን አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ከተሰበረ ክፍል ጋር የሚያስተዋውቅ ሰው ከተፈለገ እነርሱ ያውቁታል። በሳምንት ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ሄደው ከጀማሪው ክፍል ኋላ ቢቀመጡ፣ ቅጽ ሳይሞሉ፣ ማታ ደግሞ እንደ ድሮው ቀጸላ ቢያወያዩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው የታክሲ ገንዘብና ከጡረታው ላይ የሚጨመር መጠነኛ አበል ነው፤ አበሉን ከዩኒቨርሲቲውና ከቢሮው የትኛው ይክፈል የሚለው ግን መጀመሪያ መወሰን አለበት።